ሠላሳ ስድስቱ ድንጋዮች

የጋሽ ይመርን ሞት የነገረኝ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አሳይታ፣ የምሠራበት የጥጥ እርሻ ቢሮ በር ላይ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት አወጣና፣ «አንቺ የአዋሿ ልጅ! እናትሽ ልካኛለች። ይመር ሃዲዱ አርፈዋል በላት ብላኛለች» አለኝ። ከዚያ አቧራውን አልብሶኝ ሄደ።

ሚሌ ላይ መኪና ቀይሬ አዋሽ ሰባት ኪሎ ስገባ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ደጃፋቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሻንጣዬን እንዳንጠለጠልኩ በቀጥታ ወደዚያ ሄድኩ። የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ በላቸው መሀል ላይ ቆሞ ወረቀት ያነባል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ወረቀት! ያውም እስላም ቤት! «ጓድ ይመር አሊ» ይላል፣ «በአዋሽ ገደል አፋፍ በበዝባዦች ጥይት ስለወደቁት ሠላሳ ስድስት ሰማዕታት በአንደበቱ የመሰከረ፣ ምስክርነቱም በሰሌዳ ተጽፎ ለትውልድ የቆመ…» ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ «ኧረ ተው» አላለም።

እኔም አላልኩም። ዞሬ ሴቶቹ ወዳሉበት ወደ ጓዳ ገባሁ። ደሜ ግን ፈልቷል።

ጋሽ ይመር ይህን ቃል ከአፋቸው አውጥተውት አያውቁም። አንዱንም። «በጥይት» አላሉም። «ሠላሳ ስድስት ሰማዕታት» አላሉም። ሰውየው ያላዩትን አየሁ ከሚሉ ቢለጎሙ የሚመርጡ ነበሩ። ሌላ ምንም አልነበራቸውም፤ ያቺው አንዲት ቃላቸው ነበረች። አሁን ሞተው፣ አፈር ተመልሶባቸው፣ ያላሉት ነገር በላያቸው ይነበባል። ይህን የማውቀው ወሬ ሰምቼ አይደለም። ከማንም በላይ የማውቅበት ምክንያት አለኝ፤ እደርስበታለሁ።

አባታቸው ለሃዲድ ሥራ ከባቲ ወርደው እዚሁ አዋሽ የወለዷቸው ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ሃዲድ ፍተሻ ነው። ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዞ፣ በእግር፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሃዲዱን እየመቱ መሄድ ነው ሥራው። ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ይጮሃል፤ ስንጥቅ ካለበት ያጉረመርማል። ጡረታ ሲወጡ መዶሻውን አስረከቡ። እጃቸው ግን አመሉን አልተወም። ያገኙትን ሁሉ በጣታቸው መገጣጠሚያ ያንኳኩ ነበር፤ የእናቴን ሻይ ቤት ጠረጴዛ፣ ሐብሐብ፣ የሰው በር፣ የእኔን ጭንቅላት። «ይቺ ታጉረመርማለች» ይላሉ ጭንቅላቴን አንኳኩተው። እናቴ ትስቃለች። እኔ እናደዳለሁ፤ በመናደዴ የበለጠ ያንኳኳሉ።

ያኔ ከአዲስ አበባ የሚወርደውም ከድሬዳዋ የሚወጣውም ባቡር አዋሽ ላይ ለምሳ ይቆማል። ከተማዋ በዚያች የምሳ ሰዓት ነበር የምትተነፍሰው። ድሮ፣ መኪና መንገዱ ሳይዘረጋ፣ ሁሉ ነገር በሃዲድ ሲያልፍ፣ አዋሽ ትልቅ ከተማ ነበረች ይላሉ። እኔ የደረስኩት ግሪኩ ሱቁን ዘግቶ ከሄደ፣ የባቡሩ ሆቴል ግማሽ ክፍሎች የሌሊት ወፍ ከገባባቸው በኋላ ነው። ለኔ የሞተች ከተማ ነበረች። ለጋሽ ይመር ግን የምትጎበኝ ከተማ ነበረች።

ተሳፋሪው በልቶ ሲጨርስ ጣቢያው በር ላይ ይቆሙና፣ «ምሳ የበላ፣ ጫማው የማይነክሰው፣ ይከተለኝ!» ይላሉ። ሁልጊዜ የሚከተል አይጠፋም። ወታደር ይከተላል፣ ነጋዴ ይከተላል፣ አንዳንዴ ፈረንጅ። ከጣቢያው ደወል ይጀምራሉ፤ ከዚያ ሆቴሉ፣ ከዚያ የሠራተኞቹ መደዳ ቤት፣ ከዚያ የግሪኩ ሱቅ፣ መጨረሻ ገደሉ አፋፍ። ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ እርምጃቸው ከሃዲድ ሳይወርዱ የኖሩ ሰው እርምጃ ነው፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም። እናም የሚናገሩትን ሁሉ ሦስት ቦታ ይከፍሉታል። «ይህ ያየሁት ነው» ይላሉ። «ይህ የሰማሁት ነው።» ወይም «ይህ የማላውቀው ነው።» ከሦስቱ አንዱን ሳይናገሩ ወሬ አይጀምሩም። ሌላ አስጎብኚ የማያውቀውን ዘሎ ያልፋል፤ እሳቸው ቆም ብለው ያሳያሉ።

አንድ ቀን አንድ አስተማሪ መሳይ ወጣት ጠየቃቸው።

«አባባ፣ ሰባት ኪሎ ለምን ተባለ?»

«እሱ የማላውቀው ነው።»

«እንዴት አያውቁም? እዚህ ተወልደው!»

«ስምህ ማነው ልጄ?»

«ጌታቸው።»

«የማን ጌታ ነህ?»

ሰዉ ሳቀ። ልጁ ፊቱ ቀላ።

«አየህ» አሉት፣ «የገዛ ስምህን አላወቅከውም። እኔን ስለ ከተማው ስም ሦስት ሰዎች ሦስት ምክንያት ነግረውኛል። ሦስቱም በአላህ ምለዋል። የቱን መርጬ ልዋሽህ?»

እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እከተላቸው ነበር። ሻይ ቤቱ ጣቢያው ፊት ለፊት ስለሆነ እናቴ ስትዘናጋ አመልጣለሁ። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴትዮ ከኋላ ቀርታ ከኔ ጋር ታወራ ጀመር። ሰው ያንን ያህል ሲያዳምጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ በዚያው ደስታ ሰክሬ፣ «ድልድዩ ላይ አንበሳ አይቻለሁ» አልኳት። «ውይ በሞትኩት!» አለች። ጋሽ ይመር ጆሯቸው የብረት ስንጥቅ የሚሰማ ጆሮ ነው። ባቡሩ ጥሩንባውን ሲነፋ፣ ሰዉ ሲሯሯጥ፣ እጄን ያዙኝ።

«አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ሂጂና ንገሪያት!»

ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል። በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎዎች ጎን ሮጥኩ። «እትዬ! አንበሳውን አላየሁም! አንበሳውን አላየሁም!» ሴትዮዋ አንገቷን አወጣች። «ምን አለች?» ትላለች። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ፣ «አንበሳ አለ ነው የምትለው!» ብሎ ጮኸ። የፉርጎው ሰው በሙሉ መስኮቱን ጠረቀመ። እያለቀስኩ ተመለስኩ።

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት፤ ግን አልሰሙኝም።»

«እሱ የባቡሩ ጥፋት ነው» አሉና ሻይ አዘዙልኝ።

ገደሉ አፋፍ ላይ ያሉት ድንጋዮች ናቸው የጉብኝቱ መጨረሻ። ጥቁር፣ ያልተጠረቡ፣ ቁመታቸው ጉልበት የማይደርስ፣ የተተከሉ ድንጋዮች ናቸው። እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸውን አያለሳልሱም፤ የለቅሶ ቤት ድምፅ አያወጡም። እንደ ጣቢያው ደወል ነው የሚያወሩት።

«ድንጋዮቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ናቸው። ይህ ያየሁት ነው። ሃዲዱ ሲሠራ የሞቱ ሰዎች እንዳሉበት አባቴ ነግሮኛል፤ ይህ የሰማሁት ነው። ወባ የጨረሰው አለ፣ ውሃ ጥም የገደለው አለ፣ ድማሚት የበላው አለ ብሎኛል። ሰዎቹ ስንት ናቸው? የማላውቀው። እስላም ራስጌውና ግርጌው ላይ ሁለት ድንጋይ ይቆምለታል። ክርስቲያኑ አንድ ቆሞለት ይሆናል። ጭራሽ ያልቆመለትም ይኖራል። ስለዚህ የረገጣችሁትን መሬት እዩ።» ያኔ ሰዉ ሁሉ እግሩን ያነሳል፤ ግን የት ያሳርፈው?

ከመቃብሮቹ አንዱ ብቻ ባለቤት አለው። ሁመድ የሚባል አፋር፣ ወተት በግመል ጭኖ ወደ ከተማ የሚያመጣ፣ «ይሄ የአያቴ ነው» ይላል። አያቱ የሃዲድ ሠራተኛ አልነበረም። ያመለጠ ግመል ሲያባርር ከገደሉ ወድቆ ሞተ፤ ሠራተኞቹ አውጥተው ከራሳቸው ሰዎች ጋር ቀበሩት። ጋሽ ይመር ይህን ለተሳፋሪ ሲያወሩ፣ ሁመድ አጠገባቸው ቆሞ እንኳ፣ «ከሁመድ የሰማሁት ነው» ይላሉ። ሁመድ ይቆጣል።

«ሰውዬ፣ አያቴ እኮ ነው! ሰማሁ ትላለህ?»

«አንተስ አይተሃል? አልተወለድክም።»

«እንግዲያው ግመሉን ጠይቀው!»

ሁለቱም እንዲህ እየተሰዳደቡ አርጅተው ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ ሆኖ እናቴ ሻይ ቤት ብርጭቆ በማጥብበት ዓመት ጓድ በላቸው ተመድቦ መጣ። የደጋ ሰው ነው፤ ሙቀቱን እንደ ፀረ አብዮት የሚጠላ። ለአብዮት በዓል ሳምንት ከወዳጅ አገር እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ፣ ምን እንደሚያሳያቸው ይጨነቅ ነበር። አንድ ቀን የጋሽ ይመርን ጉብኝት ተከተለ። ድንጋዮቹን በጣቱ ቆጠረ። ሲመለሱ ሻይ ቤታችን ተቀመጡ፤ የሃዲድ ጡረተኞቹ በሙሉ አሉ፤ እኔ ብርጭቆ አደርሳለሁ።

«ጓድ ይመር» አለ፣ «ታሪኩ ጥሩ ነው። ግን ጥርስ የለውም።»

«ምን የለውም?»

«ገዳይ የለበትም። ሠላሳ ስድስት ሰው ሞቶ ገዳይ የለም?»

«ወባ አለ።»

«ወባ መደብ የለውም፣ ጓድ!»

«ፈረንጆቹ ኪኒን ነበራቸው፤ ሠራተኞቹ አልነበራቸውም። ይህን ከአባቴ ሰምቻለሁ። እሱን ንገር ካልከኝ ዛሬም እናገራለሁ። ተኩስ ግን አልሰማሁም። ደግሞ ሠላሳ ስድስት ሰው አላልኩም፤ ድንጋይ ነው ያልኩህ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ጋሽ ይመር ጠረጴዛውን በጣታቸው አንኳኩ። «ራስጌና ግርጌ አልኩህ እኮ። ሬሳ በእግሩም ይቆጠራል እንዴ? ራሱን ገድለው፣ ዞረው ደግሞ እግሩን ለብቻው ገደሉት?»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እናቴ እንኳ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። ጓድ በላቸው አልሳቀም። ሻዩን ግማሽ ትቶ ወጣ። እኔ እስከ ዛሬ የማምነው፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ ታሪክም አብዮትም አልነበረም፤ የዚያች ሳቅ ቂም ነው።

በማግስቱ ወደ እኔ መጣ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለሆነ የወጣቶች ማኅበሩ ጸሐፊ አድርገውኝ ነበር። «አንቺ ጽሑፍ ትችያለሽ» አለኝ። «እንግዶቹን የምታስጎበኚው አንቺ ነሽ። ጽሑፉንም አንቺ አዘጋጂው። ጥርስ ይኑረው።» አሳይታ የእርሻ ቢሮ ጸሐፊ እንደሚፈልጉ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ከሱ እጅ እንደምትወጣ አብሮ ነገረኝ። ቀስ ብሎ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ።

ያቺን ከተማ ለቅቄ መሄድ እንዴት እንደምፈልግ የሚያውቅ ያውቃል። በየቀኑ ባቡር ሙሉ ሰው ወደ አንድ ቦታ ሲሄድ እያየሁ፣ የሰው ብርጭቆ እያጠብኩ፣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጻፍኩ። በሁለት ቀን ጨረስኩት። «ጀርባቸው በጅራፍ የተተለተለ፣ ዳቦ በጠየቁ ጥይት የተመለሰላቸው ሠላሳ ስድስት የላብ አደር ልጆች…» ያምራል። የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው፤ ማማሩ። ማንም አላስጨነቀኝም፣ ቃል በቃል አልነገረኝም፤ እያሳመርኩ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ጓድ በላቸው ራስጌና ግርጌ የማያውቅ ሰው ነው እንበል። እኔስ? የገዛ አባቴ መቃብር ላይ ሁለት ድንጋይ አለ።

እንግዶቹ በሁለት ነጭ መኪና መጡ። ከተማው ቀይ ጨርቅ ለብሷል። ለጋሽ ይመር ማንም አልነገራቸውም፤ እንደ ወትሮው ጣቢያው በር ላይ ቆመው ነበር። ጓድ በላቸው፣ «ዛሬ ወጣቷ ናት የምታስጎበኘው» አላቸው።

«ደግ» አሉ። «እኔም እማራለሁ።»

ከኋላ ተከተሉን። ደወሉን አሳየሁ፣ ሆቴሉን አሳየሁ፣ መደዳ ቤቱን አሳየሁ። እርምጃቸውን ከኋላዬ እሰማዋለሁ፣ አይበልጥም፣ አያንስም። ድንጋዮቹ ጋ ስደርስ ወረቀቴን አውጥቼ አነበብኩ። አስተርጓሚው ተረጎመ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ እንባዋን ጠረገች። ካሜራ ተነሳ። ያኔ ከኋላ ድምፃቸው መጣ። የቁጣ ድምፅ አይደለም። ማወቅ የፈለገ ሰው ድምፅ ነው።

«ሉባባ፣ ሰዎቹን ማን ቆጠራቸው?»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ጓድ በላቸው እሳቸውን አላየም፤ እኔን ነው ያየው። ደብዳቤዬ ገና አልተፈረመም። «አላውቅም» ብል አበቃልኝ። «እኔ ነኝ» ብል አበቃልኝ። አፌ ራሱ ተናገረ።

«እርስዎ ነዎት ጋሽ ይመር። ከእርስዎ ነው የሰማሁት።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። እንግዶቹ «ኦ!» አሉና አጨበጨቡ። ታሪኩን ለልጅ ያስተላለፈው ሽማግሌ ተገኘ! ተሰልፈው ይጨብጧቸው ጀመር። ጋሽ ይመር እጃቸውን አልሰጡም፤ እንግዶቹ ራሳቸው እየያዙ ነው የጨበጡት።

«እኔ?» አሉ አንዴ። ለማንም አይደለም።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። «ዋሽታለች» ቢሉ ያቺን ማታ የት እንደማድር ያውቃሉ። እሳቸውም የት እንደሚያድሩ ያውቃሉ፤ ግን ለራሳቸው ፈርተው እንዳልሆነ ዓይናቸውን ያየሁት እኔ ነኝ። ዕድሜ ልካቸውን ያላጎደሏትን ቃል ለኔ ሲሉ እዚያ ድንጋዮቹ መሀል ጣሏት። አልለመንኳቸውም! ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። አንዳንዴ በሳቸው ላይ ራሱ እናደዳለሁ። ለምን አላዋረዱኝም? በአሥር ዓመቴ ለአንዲት አንበሳ ባቡር ያስባረሩኝ ሰውዬ፣ ያን ቀን ምን ነካቸው?

ወር ሳይሞላ ሰሌዳ ተተከለ። «ሠላሳ ስድስት ሰማዕታት በበዝባዦች ጥይት የወደቁበት። በጓድ ይመር አሊ ምስክርነት መሠረት።» ከሥር አምስት የሃዲድ ጡረተኞች እንዳረጋገጡት ይላል። ሻይ ቤታችን በሳቅ የተንፈራፈሩት እነዚያው ናቸው፤ ተጠርተው ፈርመዋል። ከተማው በሙሉ በሰሌዳው ሥር ያልፍ ነበር። ሁሉም ያውቃል። ሁሉም አሳምሮ ያውቃል።

ጋሽ ይመር ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም አላስጎበኙም። ባቡሩ ሲመጣ ሻይ ቤታችን ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። አንዳንድ ተሳፋሪ እየመጣ እናቴን ይጠይቃል።

«እዚህ የሚያስጎበኙ ሽማግሌ ነበሩ አሉ?»

እናቴ መልስ ሳትሰጥ እሳቸው ይቀድማሉ። «ሞቷል።»

«ውይ! መቼ?»

«ለበዓሉ ሳምንት።»

ተሳፋሪው «ነፍስ ይማር» ብሎ ይሄዳል። እሳቸው ሻያቸውን ይጠጣሉ። እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ።

ደብዳቤዬ ተፈርሞ ወደ አሳይታ የሄድኩ ዕለት የጭነት መኪናው ጋ መጡ። እጠብቅ ነበር። አሁን ይናገሩኛል፣ አሁን ይረግሙኛል፣ አሁን ይለይልኛል አልኩ። ሻንጣዬ የታሰረበትን ገመድ ጎተት ጎተት አድርገው አዩ።

«ውሃ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ሚሌ ላይ ሙቀቱ ይብሳል። ቆጥበሽ ጠጪ።»

ይህ ነው የመጨረሻ ንግግራችን። አራት ዓመት ሙሉ ደመወዝ እየበላሁ፣ ስለ ጥጥ ደብዳቤ እየጻፍኩ፣ «ቆጥበሽ ጠጪ» የሚለውን እንደ ስድብ ስተረጉመው ኖርኩ። ስድብ አይደለም። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ካድሬው ድንኳን ውስጥ ያንን ካነበበ በኋላ፣ ጓዳ ገብቼ ከባለቤታቸው ከእቴ ዘይነባ አጠገብ ተቀመጥኩ። «አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» አልኩ። «አሚን» አሉ። ሴቶቹ እስኪወጡ ጠበቅሁ።

«እቴ ዘይነባ፣ ያንን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሳቸው አልሰማሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ነግረውዎታል?»

«ምን ይነግሩኛል? አርባ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ የሚሉትንና የማይሉትን አላውቅም?»

ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ፊት አታልቅሺ፣ ሉባባ። ለኔ ነግረሽኝ ቀለል ብሎሽ ወደ አሳይታሽ ልትሄጂ ነው? እኔ አልተታለልኩም። ያ ወረቀት የተነበበው እኔ ጆሮ ላይ አይደለም። እዚያ ነው።» በእጃቸው ወደ ድንኳኑ አሳዩኝ። «ለነሱ ንገሪ።»

ደርግ ያኔ ገና ወንበሩ ላይ ነው። ካድሬ ፊት እንዲህ ብሎ ተናግሮ ቤቱ የገባ ሰው አላውቅም። ግን ተነሳሁ። ሰዓቱ የምሳ ባቡሩ ያለፈበት ነው፤ ፀሐዩ ድንኳኑን ቢጫ አድርጎታል። ጓድ በላቸው በስተ መሀል ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። መለሱልኝ፤ ግን ሴት ልጅ በወንዶች በኩል ምን ትሠራለች ብለው ተያዩ።

«ጓዲት፣ የሴቶቹ በዚያ በኩል ነው» አለ ካድሬው።

«አውቃለሁ። የመጣሁት ለናንተ ነው።» ንዴቴ ድምፄን ከፍ አደረገው። «ጋሽ ይመር ሠላሳ ስድስት ሰው ሞተ ብለው አያውቁም። ተኩስ ሰማሁም ብለው አያውቁም። ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከእርስዎ ሰማሁ ብዬ ፊታቸው ላይ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። እዚያ አፋፍ ላይ የተተኮሰ ጥይት ካለ የተኮስኩት እኔ ነኝ፣ በእስክሪብቶ። ይህን ሰውዬ እባካችሁ በኔ ውሸት አትቅበሯቸው።»

 «ኀዘኑ ነው የሚያናግራት» አለ ጓድ በላቸው። «አስወጧት።» ማንም አልተነሳም።

ሁመድ ነው ከጥግ ለካድሬው የተናገረው። «ሰውዬ፣ እኔስ ነግሬህ አልነበረም? አያቴ ግመል ሲያባርር ነው የወደቀው አላልኩህም? እሱን ሰማዕት ካልከው ግመሉንም ጻፈው!»

አንዱ ሳቀ። ሳቁን ሊውጠው ሲል ሌላው ሳቀ። ከፈረሙት አምስት አንዱ፣ ዓይነ ስውር ለመሆን የተቃረቡ አዛውንት፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «እኔ ሳላነብ ነው የፈረምኩት» አሉ። ደግመው መቱ። «አይ። አንብቤ ነው።»

ጓድ በላቸው ሻዩን አስቀመጠ። ከደረት ኪሱ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። 

«ሙሉ ስም!»

«ሉባባ ሰይድ።»

ጻፈ። አንገቴን ዘርግቼ አየሁት። «ሉባ ሰይድ» ብሏል።

«ባው ሁለት ነው» አልኩት። «ሌላ ሰው እንዳይጠየቅበት፣ አስተካክለህ ጻፍ።»